ከኢነም ጋር ተጨማሪ መረጃ ማያያዝ፦ የኮንቴይነር ልኬት፣ መለያና ታሪፍ የት ይቀመጥ?

የሐረጎ መንገድ (ኮምቦልቻ)

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ የትራንዚት ድርጅት የኮንቴይነር መከታተያ ፕሮግራም በጃቫ እየጻፍኩ ነው። ፕሮግራሙ ከጅቡቲ ተነሥተው በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡትን ኮንቴይነሮች ይመዘግባል፣ በግቢው የሚይዙትን ቦታ ያሰላል፣ ለደንበኛውም ሒሳብ ያወጣል።

የኮንቴይነሩን ዓይነት በኢነም (የተወሰኑ አማራጮችን በስም በሚዘረዝር ዓይነት) ነው የያዝኩት፦ ባለ 20 ጫማ ደረቅ፣ ባለ 40 ጫማ ደረቅ፣ ባለ 40 ጫማ ሃይ ኪዩብ (ከፍታው የሚበልጥ)፣ ባለ 20 ጫማ ማቀዝቀዣ። ኢነሙ ግን ከስም በቀር ምንም አልያዘም። ርዝመት ሲያስፈልግ አንድ ስዊች (እንደ ዓይነቱ መልስ የሚመርጥ የኮድ ክፍል)፣ ከፍታ ሲያስፈልግ ሌላ ስዊች፣ ደረሰኝ ላይ ለሚታተመው ስም ደግሞ ሌላ ስዊች አለ። አሁን ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ይጨመር ተብያለሁ። ያ ማለት እያንዳንዱን ስዊች ከየፋይሉ እየፈለጉ መሙላት ነው፤ አንዱ ከተዘለለ ፕሮግራሙ ሳያስጠነቅቅ ዜሮ ይመልሳል፤ ዜሮ ርዝመት ያለው ኮንቴይነር ደግሞ በግቢው ካርታ ላይ ቦታ አይይዝም።

እነዚህን መረጃዎች ከኢነሙ ጋር የማያያዣው ንጹሕ መንገድ የትኛው ነው? የቀን ማቆያ ታሪፉንስ አብሬ ላስገባው?

ቦርከና (ደሴ)

ወንድሜ፣ ጃቫ ላይ ከሆንክ መሣሪያው እጅህ ላይ ነው። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2004 በ5ኛው ዕትሙ ኢነምን ሲያስገባ የቁጥር ቅጽል ስም አድርጎ አላስገባውም። ኢነሙ ክላስ ነው፤ እያንዳንዱ ቋሚም የዚያ ክላስ ኦብጀክት ነው። ስለዚህ ፊልድ (መረጃ የሚይዝ ቦታ)፣ ሜተድ (ሥራ የሚሠራ ኮድ) እና ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱን የሚፈጥር ኮድ) ሊኖረው ይችላል። ጃቫ በስያሜዎች ውስጥ የግዕዝ ፊደልን ስለሚቀበል ቋሚዎችህን እንዲህ ልትጽፋቸው ትችላለህ፦

ደረቅ_20 (606, 259, 1, ሐሰት),
ደረቅ_40 (1219, 259, 2, ሐሰት),
ሃይኪዩብ_40 (1219, 290, 2, ሐሰት),
ማቀዝቀዣ_20 (606, 259, 1, እውነት);

በቅንፉ ውስጥ ያሉት በቅደም ተከተል ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ ከፍታ በሴንቲ ሜትር፣ የቲኢዩ (በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚቆጠር መለኪያ) ብዛት፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይፈልግ እንደሆነ የሚናገር እሴት ናቸው። እውነትና ሐሰት ያልኳቸውን በጃቫው ቁልፍ ቃል ተካቸው። ከሥር አራት ፊልድ፣ አንድ ኮንስትራክተርና አራት አጫጭር ሜተዶች ትጽፋለህ። ኮንስትራክተሩ ምንጊዜም የግል ነው፤ ከውጭ ማንም አዲስ የኮንቴይነር ዓይነት ሊፈጥር አይችልም። ፊልዶቹን የማይለወጡ አድርጋቸው። ቋሚው በመላው ፕሮግራም አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ ርዝመቱን ቢነካ በሁሉም ቦታ ይለወጣል።

ትልቁ ጥቅም ግን ኮዱ ማጠሩ አይደለም። ባለ 40 ጫማውን ማቀዝቀዣ ስትጨምር ኮንስትራክተሩ አራቱንም እሴቶች ይጠይቅሃል፤ አንዱን ከተውክ ኮምፓይለሩ አያሳልፍህም። ያ ዜሮ ርዝመት ያለው ኮንቴይነር ከመፈጠሩ በፊት ይያዛል ማለት ነው።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ቦርከና ያለችው ለጃቫ እውነት ነው። በሲ ሻርፕ የሚሠራ ሰው ይህን አንብቦ እንዳይሳሳት ግን ልጨምር፤ እኔ የምሠራው በእሱ ነው።

በሲ ሻርፕ ኢነም ስም የተሰጠው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ፊልድ አይይዝም፣ ኮንስትራክተር የለውም፣ ሜተድም በውስጡ አይጻፍም። ከዚህም በላይ ማንኛውንም ቁጥር ወደ ኢነሙ መቀየር ይቻላል፤ አራት ዓይነት ብቻ እያሉህ 99ን ብትሰጠው ያለ ቅሬታ ይቀበላል። ስለዚህ መረጃ ለማያያዝ ሰዎች ሦስት መንገድ ይጠቀማሉ። አንዱ በእያንዳንዱ ቋሚ ራስ ላይ አትሪቢዩት (ተጨማሪ መረጃ የያዘ ምልክት) ለጥፎ በሪፍሌክሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እየሠራ የራሱን ኮድ በመመርመር፣ ማንበብ ነው። ለማሳያ ጽሑፍ በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው፤ ነገር ግን ከተራ ጥሪ ይዘገያል፣ መለጠፉን የረሳኸውንም ቋሚ ኮምፓይለሩ አይነግርህም። ሁለተኛው የኤክስቴንሽን ሜተድ ነው፤ ሲጠራ ያምራል፤ ከውስጡ ግን ያው ስዊች ነው ያለው።

ሦስተኛውና እኔ የምመርጠው ኢነሙን ትቶ ኮንስትራክተሩ የግል የሆነ ክላስ መጻፍ፣ ዓይነቶቹንም በክላሱ ውስጥ እንደ ቋሚ ኦብጀክቶች ማስቀመጥ ነው። ጃቫም ኢነም ሳይኖረው በፊት ፕሮግራመሮቹ ይሠሩበት የነበረው ዘዴ ይኸው ነው። ዋጋው ስዊች ላይ እንደ ኢነም በቀላሉ አለመሥራቱ ነው፤ ባሕርዩ በክላሱ ውስጥ ከተጻፈ ግን ስዊቹም ብዙ አያስፈልግም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ልጆቼ፣ «እንዴት ይያያዝ» የሚለው በደንብ ተመልሷል። «ምኑ ይያያዝ» የሚለው ግን ገና አልተነካም፤ ከታሪፉ ጥያቄ ጋር ያለው ይህ ነው። በዚህ ነገር ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ።

ማንኛውንም መረጃ ከማያያዝህ በፊት «ይህ መረጃ የማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። የባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ርዝመት የዓይነቱ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ስለሆነ ጅቡቲም ኮምቦልቻም ላይ 6 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሚቀጥለው በጀት ዓመት አይለወጥም። እሱ ኢነሙ ውስጥ ይግባ። የቀን ማቆያ ታሪፍ ግን የዓይነቱ አይደለም። የአንድ ድርጅት፣ የአንድ ጊዜ ውሳኔ ነው። በኢነሙ ካስገባኸው ታሪፍ በተሻሻለ ቁጥር ፕሮግራሙ እንደገና ኮምፓይል ተደርጎ በየቢሮው መጫን አለበት። ይባስ ብሎ ባለፈው ወር የወጣን ደረሰኝ ዛሬ መልሰህ ብታትም በዛሬው ታሪፍ ይሰላል። የሰኞ ገበያ ነጋዴ የሱቁን ስም በዘይት ቀለም ያስጽፋል፤ የጤፉን ዋጋ ግን በዘይት ቀለም አያስጽፍም።

ታሪፍ በዳታቤዝ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጥ፤ የኮንቴይነሩ ዓይነት፣ ታሪፉ፣ የሚጸናበት መነሻ ቀንና ማብቂያ ቀን ይኑረው። ሒሳብ ስታወጣ ኮንቴይነሩ በቆየበት ቀን ይጸና የነበረውን መስመር ታነብባለህ።

የሐረጎ መንገድ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ጦሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታሪፉን ከኢነሙ አወጣዋለሁ። ሠንጠረዡን ሳስብ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ዓይነቱ በዳታቤዙ ውስጥ በምን ይጻፍ? በአሁኑ ጊዜ 0፣ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ነው የተቀመጠው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እንኳን ጠየቅህ። ይህ የኢነሙ ተራ ቁጥር ነው፤ የጃቫው ጄፒኤ (ኦብጀክቶችን በዳታቤዝ የሚያስቀምጠው መሣሪያ) ካልታዘዘ በቀር የሚያስቀምጠው በተራ ቁጥር ነው። አዲሱን ማቀዝቀዣ በዝርዝሩ መካከል ብትሰካው ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ይገፋሉ፤ ትናንት ሃይ ኪዩብ የነበረው መስመር ዛሬ ማቀዝቀዣ ሆኖ ይነበባል። ምንም ስሕተት አይታይም፤ መረጃው ብቻ ይዋሻል። በስም እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይሻላል፤ ስምም ቢሆን አንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል።

አንተ ግን ከሁለቱም የተሻለ አለህ። በኮንቴይነሩ በር ላይ፣ ከመለያ ቁጥሩ ሥር፣ ከፊደልና ከቁጥር የተውጣጣ ባለ አራት ምልክት የዓይነት መለያ ተጽፏል። አይኤስኦ 6346 የተባለው ደረጃ ነው የወሰነው። 22ጂ1 ባለ 20 ጫማ ደረቅ ነው፤ 42ጂ1 ባለ 40 ጫማ ደረቅ፤ 45ጂ1 ባለ 40 ጫማ ሃይ ኪዩብ፤ 22አር1 ባለ 20 ጫማ ማቀዝቀዣ። የመጀመሪያው ምልክት ርዝመትን ይናገራል፤ 2 ማለት 20 ጫማ፣ 4 ማለት 40 ጫማ ነው። ሁለተኛው ከፍታን ይናገራል፤ 2 ማለት 8 ጫማ ከ6 ኢንች፣ 5 ማለት 9 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ዓይነቱን ያሳያል፤ ጂ ጠቅላላ ጭነት፣ አር ማቀዝቀዣ።

45ጂ1 ሲባል ባለ 45 ጫማ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፤ የ4 እና የ5 ትርጉም ለየብቻ ነው የሚነበበው። የ45 ጫማው መለያ የሚጀምረው በኤል ነው።

ይህን መለያ በኢነሙ ውስጥ የመጀመሪያ ፊልድ አድርገው፤ በዳታቤዙም እሱን ጻፍ። የቋሚዎቹን ቅደም ተከተል ብትቀያይር፣ ስማቸውንም ብትለውጥ ዳታቤዙ አይናወጥም። በዚያ ላይ የመጋዘን ጸሐፊው በሩ ላይ ያነበበውንና ፕሮግራሙ ያስቀመጠውን ያለ ትርጉም ማመሳከር ይችላል።

ሆጤ (ኮምቦልቻ)

እኔ እዚሁ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ክሩን እያነበብኩ በፓይተን ሞከርኩት። ፓይተን ከ3.4ኛው ዕትም ጀምሮ ኢነም አለው፤ ለእያንዳንዱ ቋሚ በቅንፍ የታሰሩ እሴቶችን ሰጥቼ በማስጀመሪያው ሜተድ ወደ ርዝመት፣ ከፍታና ቲኢዩ ከፋፈልኳቸው። ኤሌክትሪኩንና መለያውን አላስገባሁም። አራት ቋሚ ጽፌ ዝርዝሩን ሳወጣ ግን ሦስት ብቻ ይታየኛል። ማቀዝቀዣው የለም፤ በስሙ ስጠራው ደግሞ «ደረቅ_20» ብሎ ይመልስልኛል። ምን ሆኖ ነው?

ቦርከና (ደሴ)

ይህ በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሁላችሁም ተመልከቱት። ደረቅ_20 እሴቱ (606, 259, 1) ነው። ማቀዝቀዣ_20ም (606, 259, 1) ነው። በፓይተን ሕግ ሁለት ቋሚዎች እሴታቸው አንድ ከሆነ ሁለተኛው የራሱ ሕልውና የለውም፤ ለመጀመሪያው ሌላ ስም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዝርዝሩን ስትዞር አታገኘውም፤ ስትጠራውም የመጀመሪያው ነው የሚመጣልህ።

ይህ በእውነተኛ ሥራ ላይ ቢሆን ምን እንደሚያስከትል አስበው። መድኃኒት የጫነ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር እንደ ደረቅ ይመዘገባል፤ መሰኪያ ወዳለበት ቦታ አይላክም። ኮዱ ግን አንድም ስሕተት አላሳየም።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም አድርግ። በኢነሙ ራስ ላይ ዩኒክ የተባለውን ዲኮሬተር ጻፍ፤ ያኔ እሴት ሲደገም ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ይቆማል። ሌላው ጋሼ ጦሳ ያሉት ነው፤ የአይኤስኦውን መለያ በእሴቱ ውስጥ አስገባ። 22ጂ1 እና 22አር1 ስለሚለያዩ ሁለቱ ዓይነቶች ዳግም አይዋሐዱም። ጃቫ ላይ ይህ ችግር አይነሣም፤ ፊልዶቻቸው አንድ ዓይነት ቢሆኑም ሁለት ቋሚ ሁለት ኦብጀክት ነው።

ሆጤ (ኮምቦልቻ)

እህቴ ቦርከና፣ ተባረኪ፤ ሠራልኝ። አንድ ልጨምር። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የኢትዮጵያን ወራት በኢነም ልጽፍ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጋር የቀኑን ብዛት አያይዛለሁ። አሥራ ሁለቱ 30 ናቸው። ጳጉሜን ግን 5 ነው ወይስ 6? ቋሚ ፊልድ ላይ ምን ልጻፍ?

ቦርከና (ደሴ)

በፊልድ አትጻፈው። ይህ መረጃ ሳይሆን ስሌት ነው፤ ስሌት ደግሞ ሜተድ ይፈልጋል። «የቀን ብዛት» የሚል ሜተድ አድርገህ ዓመተ ምሕረቱን እንዲቀበል አድርግ። ለአሥራ ሁለቱ ወራት 30 ይመልሳል። ጳጉሜን ግን የራሱን ይጻፍ፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ 6፣ ካልሆነ 5። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ነበረች። ቀጣዩ 2019 ነው።

በጃቫ ለአንድ ቋሚ ብቻ የተለየ ሜተድ መስጠት ይቻላል፤ ከቋሚው ስም ቀጥሎ በጥምዝ ቅንፍ የራሱን ይጽፋል። የጃቫ የራሱ ቤተ መጻሕፍትም ለፈረንጆቹ ወራት ተመሳሳይ መንገድ ነው የተከተለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በ8ኛው ዕትም የገባው የወር ኢነም የቀን ብዛትን ሲነግር ዓመቱ ሠግር መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ብዛትም ለየብቻ ይመልሳል። ፌብሩዋሪ ላይ የደረሰባቸው እኛ ጳጉሜን ላይ የሚደርስብን ነው።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

አንድ ተቃውሞ አለኝ። ታሪፉ ወደ ዳታቤዝ ከሄደ፣ ርዝመቱና ከፍታውስ ለምን አይሄዱም? ዓይነቶቹን ሁሉ ሠንጠረዥ ውስጥ ብናስቀምጥ ባለ 40 ጫማው ማቀዝቀዣ ሲመጣ ጸሐፊዋ ራሷ አንድ መስመር ትጨምራለች፤ ፕሮግራመር መጥራት አያስፈልግም። ኢነሙ ራሱ ለምን አስፈለገ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ተቃውሞህ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሥርዓት ላይ መልሱ «አያስፈልግም» ነው። እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው፦ አዲሱ ዓይነት ሲጨመር አዲስ ኮድ መጻፍ ያስፈልጋል? የደንበኛ ምድብ፣ የዕቃ ዓይነት፣ የመጋዘን ስም ሲጨመር ፕሮግራሙ ባሕርዩን አይለውጥም፤ እነሱ ሠንጠረዥ ናቸው፤ ኢነም ውስጥ ማስገባት ራስን ማሰር ነው። ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ግን መሰኪያ ይፈልጋል፣ ሙቀቱ በየጊዜው ይመዘገባል፣ ማስጠንቀቂያ ይላክለታል። ጸሐፊዋ መስመር ብትጨምር ይህን የሚሠራ ኮድ ከየት ይመጣል? ኮዱ ዓይነቱን በስሙ የሚያውቀው ከሆነ ኢነም ይሁን፤ ዓይነቱ ለኮዱ ተራ መረጃ ከሆነ ሠንጠረዥ ይሁን።

በግቢው ካርታ ላይ እያንዳንዱ ዓይነት የሚሣልበትን ቀለምም ኢነሙ ውስጥ አታስገቡ። ቀለም የማሳያው ክፍል ጉዳይ ነው። እዚያው በማሳያው ክፍል ኢነም ማፕ ይሠራለታል፤ ቁልፉ ዓይነቱ፣ እሴቱ ቀለሙ። የደረሰኙን ስም በተመለከተ ደረሰኙ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ፊልድ ይበቃል፤ በእንግሊዝኛም የሚታተም ከሆነ ወደ ቋንቋ ፋይል ይውጣ።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ተስማምቻለሁ። የኮዱ ባሕርይ ከተለወጠ ኢነም የሚለውን እኔም እይዛለሁ።

የሐረጎ መንገድ (ኮምቦልቻ)

ማቀዝቀዣው ላይ ተጣብቄያለሁ። እያንዳንዱ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር የታዘዘለት ሙቀት አለው፤ አንዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ ሌላው ከዜሮ በላይ 4። ይህን በኢነሙ ቋሚ ላይ ፊልድ ላድርገው?

ቦርከና (ደሴ)

ፈጽሞ! ከላይ ያልኩህን አስታውስ፤ ማቀዝቀዣ_20 የሚባለው ኦብጀክት በመላው ፕሮግራም አንድ ነው። በእሱ ላይ 4 ዲግሪ ብትጽፍ በግቢው ያሉት ማቀዝቀዣዎች ሁሉ 4 ዲግሪ ይሆናሉ። ሙቀቱ የዓይነቱ ሳይሆን የዚያ የአንዱ ኮንቴይነር ነው፤ እንደ ማኅተም ቁጥሩና እንደ ባለቤቱ ስም በኮንቴይነሩ ክላስ ውስጥ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ቋንቋዎቹ ይለያያሉ። በረስትና በስዊፍት ኢነም ሲባል እያንዳንዱ አማራጭ በተፈጠረ ቁጥር የራሱን መረጃ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ደረቁ ምንም ሳይዝ ማቀዝቀዣው ሙቀቱን ይዞ ይኖራል። ከእነዚያ ቋንቋዎች የመጣ ሰው ጃቫም እንዲሁ ይመስለዋል። በጃቫ ያንን የሚመስለው ኢነም አይደለም፤ በ17ኛው ዕትም የጸናው ሲልድ ኢንተርፌስ (ንዑስ ዓይነቶቹ አስቀድመው የተወሰኑ) ከሬከርድ (የማይለወጥ መረጃ ከሚይዝ አጭር ክላስ) ጋር ነው። «ጭነት» የሚል ኢንተርፌስ ይኖርሃል፤ ደረቅ ጭነትና የቀዘቀዘ ጭነት ሁለት ሬከርድ ይሆናሉ፤ ሙቀቱ በሁለተኛው ብቻ ይኖራል። ደረቅ ኮንቴይነር ላይ ባዶ የሙቀት ፊልድ ከመሸከም ይህ ይሻላል።

የሐረጎ መንገድ (ኮምቦልቻ)

እንደተባለው ሠራሁት። ኢነሙ አሁን መለያ፣ ርዝመት፣ ከፍታ፣ ቲኢዩና መሰኪያ ይዟል፤ ባለ 40 ጫማውን ማቀዝቀዣ 45አር1 ብዬ ስጨምር የነካሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። የልኬት ስዊቾቹ በሙሉ ጠፉ። ታሪፉ ወደ ሠንጠረዥ ሄዷል፤ ሙቀቱ በሬከርድ ውስጥ ነው።

አንድ የቀረኝ አለ። በሩ ላይ 22ዩ1 የተጻፈበት ጣሪያው ክፍት የሆነ ኮንቴይነር ገባ። በኢነሙ የለም። «ያልታወቀ» የሚል ቋሚ ልጨምር?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

«ያልታወቀ» ርዝመቱ ስንት ይባላል? ከፍታውስ? የሆነ ቁጥር ልትሰጠው ነው፤ የሰጠኸው ቁጥር ሁሉ ሐሰት ይሆናል፤ ወደ ጀመርክበት ዜሮ ትመለሳለህ። መለያውን ተቀብሎ ቋሚውን የሚፈልገው ሜተድ ካላገኘ ባዶ ኦፕሽናል (ውጤት ሊኖረውም ላይኖረውም የሚችል መያዣ) ይመልስ፤ የመመዝገቢያ ገጹም «ይህ ዓይነት አልተመዘገበም፤ መለያውን ደግመው ያንብቡ» ብሎ ይቁም። 22ዩ1 በትክክል ጣሪያ ክፍት ባለ 20 ጫማ ነው፤ ስለዚህ የሚገባው የራሱ ቋሚ ነው። ክሬኑም ከላይ ሊጭንበት ስለሚችል የራሱ ባሕርይ አለው።

ቦርከና (ደሴ)

ያንን ፈላጊ ሜተድ ስትጽፍ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ከመለያ ወደ ቋሚ የሚወስደውን ማፕ በኮንስትራክተሩ ውስጥ ልሙላ ካልክ ኮምፓይለሩ ይከለክልሃል፤ ቋሚዎቹ ሲፈጠሩ የክላሱ ስታቲክ ፊልዶች ገና አልተነሡም። ማፑን ከቋሚዎቹ በታች በስታቲክ ብሎክ ሙላው፤ ሁሉንም ቋሚዎች እየዞርክ መለያቸውን አስገባ። እግረ መንገድህን አንድ መለያ ሁለት ጊዜ ከገባ እዚያው እንዲቆም አድርግ፤ ጃቫ ለፓይተኑ ዩኒክ አቻ የለውምና የሚጠብቅህ ይኸው መስመር ነው።